የቀጥቃጩ ልጅ ሙሶሊኒ፤ ችግርና ቂም የወለዱት ሥልጣን

እንደ ወትሮው ዘንድሮም በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የአቅማችንን ለመጻፍ ተነስተናል። እኛ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ የጨረስን ጡረተኛ እንጂ የታሪክ ሊቅ አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የኑሮ ውድነት ተነሳ። አንዱ ወንድማችን ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ማንንም የማይሰማ አንድ ክንደ ብርቱ ሰው ብቻ እንደሆነ ተናገረ፤ ብዙዎችም ተስማሙለት። እኛም ዝም አልን። ዝም ማለታችን ግን ሲከነክነን ስለ ከረመ፣ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚመጣ የአንዱን ሕይወት እንተርክላችኋለን። ሰውዬው ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ቤኒቶ ሙሶሊኒ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርገነዋል።

ሙሶሊኒ በ1875 በኢጣሊያ፣ ሮማኛ በሚባለው አገር፣ ፕሬዳፒዮ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ቀጥቃጭ፣ እናቱ የመንደር አስተማሪ ነበሩ። እሱም የአስተማሪነት ወረቀት ያዘ፤ ወረቀቱ ግን እንጀራ አልሆነውም። በ1894 ሥራ ፍለጋ ወደ ስዊስ ተሻግሮ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ማደሪያ አጥቶ ድልድይ ሥር እስከ ማደር፣ በቦዘኔነትም እስከ መታሰር ደረሰ። እንግዲህ ችግርን በሆዱ ያወቀ ሰው ነበር። አገሩ ተመልሶ በ1905 የሶሻሊስቶች ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነ። ጦርነትን ሲያወግዝ የኖረው ይኸው ሰው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ገልበጥ ብሎ ኢጣሊያ መዋጋት አለባት አለ። ፓርቲውም በ1907 አባረረው።

ዋናው ነገር ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ነው። ኢጣሊያ በ1911 ከአሸናፊዎቹ ጋር ሆና ብትጨርስም 600,000 ያህል ወታደር ቀብራለች። የሊሬ ዋጋ ወደቀ፤ ዳቦ ተወደደ፤ ከግንባር የተመለሰው ወታደር ሥራ አጣ። በ1913 መባቻ ሠራተኞች ፋብሪካዎችን እስከ መያዝ ሲደርሱ ባለ ፋብሪካውና ባለ መሬቱ በፍርሃት ራደ። በዚህ ላይ ቂም ተጨመረ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ኢጣሊያን ወደ ጦርነቱ ሲያስገቡ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለ መሬት ሊሰጧት በምሥጢር ተዋውለው ነበር፤ በፓሪሱ ጉባኤ ግን ከተባለው ከፊሉ ቀረ። ብዙ ሰው ድላችንን ተቀማን ማለት ጀመረ። ከዚያ በፊትም በ1888 አድዋ ላይ የደረሰባቸው የቆየ ቁስል ነበረ። ያኔ ሙሶሊኒ የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

ልብ በሉ፣ ችግርና ቂም ብቻቸውን ዙፋን አልሰጡትም። በመጋቢት 1911 ሚላኖ ላይ ማኅበሩን አቋቁሞ በኅዳር 1912 ለምርጫ ቢቀርብ፣ በዚያች ትልቅ ከተማ 5,000 ድምፅ እንኳ አልሞላለትም። በሩን የከፈቱለት ሌሎች ናቸው። ባለ መሬቶችና ባለ ሀብቶች ሠራተኛውን ጸጥ ያደርግልናል ብለው ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ገንዘብ ሰጡ። እነሱም የሠራተኛ ማኅበራትን ቤት ያቃጥሉ፣ ሰው ይደበድቡ፣ የጉሎ ዘይት በግድ ያጠጡ ጀመር። ፖሊሱም ብዙ ጊዜ አይቶ እንዳላየ ሆነ። አንጋፋ ፖለቲከኞችም ቀስ በቀስ ይገራል ብለው በ1913 ምርጫ ከራሳቸው ጋር አሰለፉት፤ ፋሽስቶቹ 35 ወንበር አገኙ። በጥቅምት 1915 ተከታዮቹ ወደ ሮማ ሲተሙ ጦሩ ሊበትናቸው ይችል ነበር፤ ንጉሡ ቪክቶር ኢማኑኤል ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አልፈርምም አለ። ተከታዮቹ ዝናብ ሲወርድባቸው እሱ ከሚላኖ ሌሊቱን በባቡር መጥቶ በ39 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ግርግር የሰለቸው ብዙ ሰውም እፎይ አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

ዕዳው የመጣው በኋላ ነው። ምርጫው በዱላና በማጭበርበር መደረጉን በምክር ቤት በድፍረት የተናገረው ማቴዎቲ በሰኔ 1916 ታፍኖ ተገደለ። በታኅሣሥ 1917 ሙሶሊኒ ለሆነው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ ብሎ በምክር ቤቱ ፊት ቢቆም የነካው የለም። ከዚያ በኋላ ሌሎች ፓርቲዎችና ነጻ ጋዜጦች ተዘጉ። በ1922 የጀመረው የዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት ኢጣሊያንም መታት፤ ሥራ ፈቱ ሚሊዮን ደረሰ። ሰውዬውም ዳቦው ሲያጥርበት የቂሙን ከረጢት ፈታ፤ በመስከረም 1928 ጦሩን በእኛ ላይ አዘመተ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የኢጣሊያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለመንግሥት እንዲሰጡ ተደረገ። ከሕዝቡ ችግር የተነሳው ሰው የሕዝቡን ቀለበት ከጣቱ አወለቀ ማለት ነው። ስለ መርዙ ጋዝና ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 እልቂት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው።

በሰኔ 1932 ከሂትለር ጎን ሆኖ ጦርነት ገባ፤ በሐምሌ 1935 የገዛ ባልንጀሮቹና ያው የሾመው ንጉሥ አወረዱት። ጀርመኖች ከእስር አውጥተው በሰሜን ኢጣሊያ ቢያስቀምጡትም፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1937 በገዛ አገሩ አርበኞች ተረሸነ። በማግስቱ ሬሳው ሚላኖ አደባባይ ላይ ቁልቁል ተሰቀለ። እኛ የቀብር ማኅበር ሰዎች በዚህ አንደሰትም፤ የጠላትም ሬሳ ቢሆን ሬሳ ነው።

እንግዲህ የኢጣሊያ ሕዝብ ሞኝ አልነበረም። ረሃቡም እውነት ነበር፣ ቅሬታውም ጨርሶ ውሸት አልነበረም። ስሕተቱ ሒሳብ ለማይጠየቅ ሰው አደራ መስጠት ነው። በትንሿ እድራችን እንኳ ዳኛው በየጊዜው ይመረጣል፤ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ዘርግቶ ያሳያል፤ አንድ ሣንቲም ቢጎድል ከመካከላችን ይጠየቃል። ታዲያ ለእድር ገንዘብ ያልፈቀድነውን ለአገር እንዴት እንመኛለን? ያን ቀን በድንኳኑ ለወንድማችን መመለስ የነበረብን ይህንን ነው፤ ዘግይተንም ቢሆን መልሰናል። ፈጣሪ ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ የቀረነውን በሰላም ያገናኘን።