የቼዝ ሊቁ ሚጌል ናይዶርፍ

እዚህ ጀበል ኩጁር ቼዝ የምትወዱ ሁሉ ናይዶርፍ የሚባለውን አጨዋወት ሰምታችሁ ይሆናል። ስሙን የሰጠው ሰው እንደ እኛ ስደትን የቀመሰ እንደነበረ ታውቃላችሁን?

ናይዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1910 በፖላንድ፣ በዋርሶ አጠገብ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1939 ከአገሩ ቡድን ጋር ለቼዝ ኦሎምፒያድ ወደ አርጀንቲና ሄደ። ውድድሩ ሳያልቅ ጀርመን ፖላንድን ወረረች። ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ፤ እርሱ ግን የሚመለስበት አገር አልነበረውም። ሚስቱ፣ ልጁ፣ ወላጆቹና ወንድሞቹ እዚያው ቀሩ።

በሰው አገር ቋንቋ ተማረ፤ ኢንሹራንስ እየሸጠ ኑሮውን አቀና፤ በ1944 ዜግነት አገኘ። የቤተሰቡ ወሬ ሲጠፋበት አንድ ዘዴ አሰበ። ሰሌዳውን ሳያይ ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ቢጫወት ጋዜጦች ይጽፉታል፤ የተረፈ ዘመድ ካለም ስሙን አይቶ ይፈልገዋል። በ1943 ከ40 ሰዎች ጋር ገጠመ። በ1947 ደግሞ በብራዚል፣ በሳኦ ፓውሎ ከ45 ሰዎች ጋር ተጫውቶ 39ኙን አሸነፈ፤ 4 እኩል ወጣ፤ 2 ተሸነፈ። ጨዋታው አንድ ቀንና ሌሊት ያህል ፈጀ። ዝናው ተሰማ፤ ከቤቱ ግን መልስ አልመጣም። ሚስቱ፣ ልጁ፣ ወላጆቹና ወንድሞቹ በናዚዎች እጅ አልቀው ነበር።

አጨዋወቱስ ምንድን ነው? በሲሲሊ መከላከያ ጥቁሩ በ5ኛው እርምጃ በንግሥቲቱ በኩል ጠርዝ ላይ ያለችውን ወታደር አንድ ቤት ይገፋታል። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ አይጠበቅም፤ በቼዝ ግን እያንዳንዷ እርምጃ ውድ ናት። ስለዚህ ወታደሯ ሥራ የፈታች ትመስላለች። ነገር ግን የነጩ ፈረስና ጳጳስ በሰያፍ ፊቷ ባለው ቤት እንዳያርፉ ትከለክላለች፤ ለመልሶ ማጥቃትም መንገድ ትከፍታለች። አደጋም አለው። በ1972 የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊው ፊሸር በዚሁ መከላከያ ሲጫወት በ11ኛው ጨዋታ ንግሥቱን ተነጥቆ በሶቪየቱ ስፓስኪ ተሸንፏል። ሆኖም ታላላቅ ተጫዋቾች ዛሬም አልተዉትም።

ናይዶርፍ በ1950 የግራንድ ማስተር ማዕረግ አገኘ። እስከ እርጅናው ሲጫወት ኖሮ በ1997 በ87 ዓመቱ አረፈ።

ልጆች፣ እርሱ 45 ሰሌዳ በልቡ ይዞ ወገኑን ፈለገ። እናንተም የአባትና የእናታችሁን ወገን እስከ ሰባት ቤት፣ የትውልድ ቀበሌያችሁንም ጭምር በቃላችሁ ያዙ። ወላጆች፣ ዛሬ ማታ አስቆጥሯቸው። የጠፋ ዘመድ የሚገኘው በስም ነውና።