ነርሶቹን የማይነካው በሽታ

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ስለ ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ነው። የሕክምና ተማሪዎች ስሙን በቫይታሚን ምዕራፍ ውስጥ በአንድ መስመር አልፋችሁት ይሆናል። እኔ ሰውዬውን የወደድኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ እሱም እንደኔ ዩኒቨርሲቲ የገባው ኢንጂነሪንግ ሊማር ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልድበርገር በ1874 ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው፣ ያኔ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት በነበረችው አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የአባቱ በጎች በበሽታ ካለቁ በኋላ ቤተሰቡ በ1883 ወደ ኒውዮርክ ተሰደደና ስደተኞች በሚታጨቁበት ሰፈር ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ከፈተ። ልጁ ዕቃ ለደንበኞች ቤት እያደረሰ ተማረ። በ1890 የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ኢንጂነሪንግ ጀመረ። ሁለት ዓመት ያህል እንደቆየ አንድ ጓደኛው ወደ ቤልቪው የሕክምና ኮሌጅ ወስዶት የአንድ ፕሮፌሰር ትምህርት ሲያዳምጥ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ወደ ድልድይና ሐዲድ አልተመለሰም። በ1895 በማዕረግ ተመርቆ ሐኪም ሆነ።

በፔንሲልቬኒያ የማዕድን ሠራተኞች ከተማ የግል ክሊኒክ ከፍቶ ነበር፤ ግን ሥራው ሰለቸው። በ1899 የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሆኖ ያደገው መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥራው ኒውዮርክ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርዱ ስደተኞችን መመርመር ነበር። ከ16 ዓመት በፊት እሱ ራሱ በዚያው ወደብ ከወላጆቹ ጋር የወረደ ልጅ ነው።

ቀጥሎ ያሉት አሥራ አምስት ዓመታት የወረርሽኝ ዓመታት ናቸው። ቢጫ ወባን ሊያጠና ሄዶ ቢጫ ወባ ያዘው። ደንጊ ሊያጠና ሄዶ ደንጊ ያዘው። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ደግሞ ታይፈስ ሊገድለው ነበር። በ1909 ፊላደልፊያ ውስጥ ሰውን የሚያሳክክ የቆዳ ሽፍታ ሲነሳ ነገሩ ከገለባ ፍራሽ ይመጣል ብሎ ጠረጠረ፤ ክንዱን በሁለት ፍራሾች መሐል ከትቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ሽፍታው ወጣበት፤ ከገለባውም ውስጥ ዓይን የማያያት ጥቃቅን ተባይ ተገኘች። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው ነው በ1914 ወደ ደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ ወደ ጥጥ አገር፣ የተላከው።

እዚያ የጠበቀው በሽታ ፔላግራ ይባላል። ፀሐይ የሚነካው ቆዳ፣ በተለይ እጅ፣ አንገትና ፊት፣ እንደተቃጠለ ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ ይላጣል። ተቅማጥ ይከተላል፣ ከዚያ የአእምሮ መታወክ፣ ብዙ ጊዜም ሞት። በስፔንና በጣሊያን ድሃ ገበሬዎች ዘንድ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ በግብፅ ገጠርም በሰፊው ይታይ ነበር። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ግን ከ1906 ወዲህ በድንገት እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። እስከ 1940 ድረስ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘና መቶ ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። ከሟቾቹ መካከል ሴቶችና ጥቁሮች ይበዙ ነበር።

ተላላፊ ነው ተብሎ ስለተፈራ አንዳንድ ሆስፒታሎች ታማሚ አንቀበልም ይሉ ነበር። ዘመኑም ለዚህ ሐሳብ ይመቻል፤ ኮሌራ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ታይፎይድ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ጀርማቸው በማይክሮስኮፕ ሥር እየተያዘ ነው። አንድ የታወቀ አጥኚ ቡድንም ፔላግራ ተላላፊ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ደምድሞ ነበር። ጎልድበርገር ራሱ ዕድሜውን በሙሉ ጀርም ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው፤ ሌላ ጀርም ቢፈልግ ማንም አይፈርድበትም።

እሱ ግን እስር ቤቶችን፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችንና የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያዎችን እየዞረ ሲያይ ያልታመሙትን መቁጠር ጀመረ። ሕሙማኑ በፔላግራ ይወድቃሉ፤ ቀንና ሌሊት የሚያጥቧቸው፣ የሚያጎርሷቸው ነርሶችና አስታማሚዎች ግን አይያዙም። ተላላፊ በሽታ የደንብ ልብስ አይቶ ሰው አይመርጥም። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሠራተኞቹ የተሻለ ይበላሉ። ሥራውን በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ በ1914 አጋማሽ ይህንኑ አሳተመ፤ ገና አንድም ሙከራ አልሠራም ነበር። ሲስተም ሲበላሽ የማይሠራውን ክፍል ብቻ አትዩ፣ የሚሠራው ለምን እንደሚሠራ ጠይቁ እየተባልን በየላቦራቶሪው እንሰማለን። እኔ ነገሩ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

በሚሲሲፒዋ ጃክሰን ከተማ ሁለት ማሳደጊያዎች ነበሩ። የሚታመሙት በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉት ልጆች ናቸው። ከ6 ዓመት በታች ያሉት ወተት ይሰጣቸዋል፤ ከ12 በላይ ያሉት ሥራ ስለሚሠሩ ምግባቸው ሻል ይላል። መሐል ላይ ያሉት በበቆሎ ዱቄት፣ በአሳማ ጮማና በሞላሰስ ይኖራሉ። ይህ ደግሞ የዚያ አገር ድሃ ሁሉ ገበታ ነበር። ጎልድበርገር በመንግሥት ገንዘብ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ባቄላ ጨመረላቸው፤ ሌላውን ሁሉ፣ ንጽሕናውንም መኝታውንም፣ እንደነበረ ተወው። በሚቀጥለው ዓመት ፔላግራ ከሁለቱም ማሳደጊያዎች ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ተቃዋሚዎቹ አልተቀበሉትም። እንግዲያው በሽታውን በጤነኛ ሰው ላይ በምግብ ብቻ ላምጣው አለ። በ1915 በሚሲሲፒ የራንኪን የእስረኞች እርሻ ላይ 12 ጤነኛ እስረኞች ፈቃደኛ ሆኑ። የግዛቱ አገረ ገዥ ኧርል ብሩወር ሙከራውን ለጨረሱት ምሕረት ቃል ገባላቸው። ምግባቸው የበቆሎ ገንፎ፣ ብስኩት፣ ሩዝ፣ ስኳር ድንች፣ ጎመን፣ ሽሮፕና በስኳር የጣፈጠ ቡና ነበር፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ጠግበው ይበላሉ፤ ረሃብ አይደለም። (በየሳምንቱ የካፌያችንን ሜኑ የምታማርሩ ይህችን ዝርዝር እንደገና አንብቧት።) አንዱ በመሐል ወጣ፤ ከቀሩት 11 መካከል ስድስቱ ላይ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ የፔላግራ ቆዳ ታየ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብን። ነፃነት የተገባለት እስረኛ እውነት ፈቃደኛ ይባላል? ዛሬ ይህን ፕሮፖዛል ይዞ ወደ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሄድ ተማሪ በሩ ላይ ይመለሳል፤ ልክም ነው። ጎልድበርገርን ስለምወደው ይህን ልደብቅለት አልፈልግም። ለእሱ የሚቆጠርለት ነገር ቢኖር፣ ቀጥሎ በራሱ ሰውነት ላይ የፈጸመው ነው።

ሐኪሞች ራንኪን ላይ የታየውን እንኳ አላመኑም፤ እስረኞቹ ምናልባት በሌላ መንገድ ተለክፈው ይሆናል አሉ። በኤፕሪል 1916 ጎልድበርገርና የሥራ ባልደረባው ጆርጅ ዊለር የፔላግራ ታማሚ ደም ተወጉ፣ የታማሚን የአፍንጫና የጉሮሮ ፈሳሽ በራሳቸው አፍንጫና ጉሮሮ ቀቡ። ከዚያም (ይህን በምሳ ሰዓት የምታነቡ ይቅርታ) የታማሚን የቆዳ ቅርፊት፣ ሽንትና ዓይነ ምድር በዱቄት ለውሰው እንደ ክኒን ዋጡ። የሆድ አሲድ ጀርሙን ገደለው እንዳይባል አስቀድሞ ሶዳ ጠጣ። ይህ ለተለያዩ ቡድኖች ተደጋግሞ በጠቅላላው 16 ሰዎች ተሳተፉ፤ አንዷ ሚስቱ ሜሪ ነበረች። ወንዶቹ ክኒኑን እንድትውጥ አልፈቀዱላትም፤ እሷም የታማሚ ደም ሆዷ ላይ ተወጋች። የትምክህተኛ ደቡባዊ ቤተሰብ ልጅ ናት፣ ያውም የክርስቲያን፤ ጋብቻቸው ለሁለቱም ወገን ቀላል አልነበረም። ከ16ቱ አንድም ሰው ፔላግራ አልያዘውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ክኒኑ አይደለም። በዚያው በ1916 ጎልድበርገር ኤድጋር ሲደንስትሪከር ከሚባል ኢኮኖሚስት ጋር በደቡብ ካሮላይና ሰባት የጥጥ ፋብሪካ መንደሮች ውስጥ ከ700 በላይ ቤተሰቦችን ያዙ። በየሁለት ሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደታመመ መዘገቡ፤ ለ15 ቀን ቤተሰቡ ከሱቅ የገዛውን፣ ከጓሮው ያገኘውን፣ በቤት ያለውን ሰው ዕድሜና ደመወዙን ጻፉ። ገቢ ሲወርድ ፔላግራ ይወጣል፤ መስመሩ እንደ ፊዚክስ ግራፍ ጥርት ያለ ነበር። ገቢያቸው ተቀራራቢ በሆነ መንደሮች መካከል እንኳ ልዩነት ነበር፤ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ወተት፣ ሥጋና አትክልት አምጥተው የሚሸጡበት መንደር ይድናል፤ መሬቱ ሁሉ በጥጥ ተይዞ ከፋብሪካው ሱቅ በቀር የሚገዛበት የሌለው ይታመማል። ሰዎቹ ስንፍና ወይም አላዋቂነት አልነበረባቸውም። ደመወዙ፣ የመሬት አያያዙና የጥጥ ዋጋ ነው ምግቡን የወሰነላቸው።

ይህ ግኝት ከጀርም ይልቅ ለመቀበል ያስቸግራል፤ ጀርም የማንም ጥፋት አይደለምና። የጥጥ ዋጋ በ1920 ሲወድቅ ጎልድበርገር ፔላግራ እንደሚብስ አስጠነቀቀ። በ1921 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ለደቡቡ እርዳታ ሲጠሩ የደቡብ ፖለቲከኞች ተቆጡ፤ ረሃብም ወረርሽኝም የለብንም፣ ስማችን ጠፋ አሉ። የቀረበላቸውን እርዳታ ገፉት።

መሬትና ደመወዝ መለወጥ በእጁ አልነበረም። እንግዲህ ርካሽ መድኃኒት ይፈልግ ጀመር። የሚጎድለውን ንጥረ ነገር ለመያዝ ጥቁር ምላስ በሚባል ተመሳሳይ በሽታ የሚያዙ ውሾችን መግቦ ፈተነ። ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለታማሚ ሰጥቶ ለውጥ አይቶ ነበር፤ እጁ መልሱን ነክቶት ነበር ማለት ነው፣ ሰውነት ከትሪፕቶፋን የሚጎድለውን ቫይታሚን እንደሚሠራ የታወቀው ግን ኋላ ነው። በመጨረሻ የደረቀ የቢራ እርሾ አገኘ፤ ጥቂቱ ይበቃል፣ ዋጋውም እጅግ ትንሽ ነው። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ መቶ ሺዎችን ከቤታቸው ሲያፈናቅል ወደ ቦታው ሄዶ አየ፤ ቀይ መስቀልም እርሾውን በብዛት አከፋፈለ።

ጃንዋሪ 17 ቀን 1929 በኩላሊት ካንሰር ሞተ፤ 54 ዓመቱ ነበር። አመዱ በኑዛዜው መሠረት በፖቶማክ ወንዝ ላይ ተበተነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኖቤል ሽልማት በቫይታሚን ለሠሩ ሁለት ሰዎች፣ ለአይክማንና ለሆፕኪንስ፣ ተሰጠ።

በ1937 በዊስኮንሲን ኮንራድ ኤልቪየም የጎልድበርገርን የውሻ ዘዴ ተጠቅሞ ጥቁር ምላስን የሚፈውሰው ኒኮቲኒክ አሲድ፣ ዛሬ ኒያሲን የምንለው፣ መሆኑን አሳየ። በበቆሎ ውስጥም አለ፤ ግን ታስሮ ስለሆነ ሰውነት አያገኘውም። በቆሎን ከኖራ ጋር ቀቅለው ቂጣ የሚጋግሩት የሜክሲኮ እናቶች እስሩን ይፈቱት ነበር፤ በሽታው በእነሱ ዘንድ ያልተስፋፋው ለዚህ ነው። ኒኮቲኒክ አሲድ ደግሞ አዲስ ነገር አልነበረም። ኬሚስቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠርተውታል፤ ጎልድበርገር በ1914 ባቡር ተሳፍሮ ወደ ደቡብ ሲወርድ ያ ነጭ ዱቄት በጠርሙስ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።