እስከ 30 ለራሱ፣ ከ30 በኋላ ለሰው፦ የዶክተር አልበርት ሽዋይትዘር ሕይወት

ሰው 30 ዓመት ሲሞላው ምን ያደርጋል? አብዛኞቻችን ቁጭ ብለን እንቆጥራለን። ቤት አለኝ ወይ? ደሞዜ ስንት ደረሰ? እኩዮቼ የት ናቸው? እኔስ የት ነኝ?

አልበርት ሽዋይትዘር 30 ሲሞላው እንዲህ ቢቆጥር ኖሮ የሚበልጠው እኩያ ማግኘት ይከብድ ነበር። በፍልስፍና ዶክተር ነው። ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሥነ መለኮት ያስተምራል፣ የሰባኪዎች ኮሌጅ ኃላፊ ነው፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይሰብካል። በዚያ ላይ ስሙ የሚጠራ የኦርጋን ተጫዋች ነው። ስለ ታላቁ የሙዚቃ ሰው ስለ ባኽ የጻፈው መጽሐፍም በዚያው ዓመት ወጥቶለታል።

ይሄ ሁሉ እያለው ኦክቶበር 13 ቀን 1905 ፓሪስ ውስጥ አንድ የፖስታ ሳጥን ጋ ሄዶ ለወላጆቹና ለቅርብ ጓደኞቹ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ከተተ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደብዳቤዎቹ የያዙት ወሬ አንድ ነው። አልበርት እንደገና ተማሪ ሊሆን ነው። ሕክምና ተምሮ ሲጨርስ ደግሞ ሁሉን ትቶ ወደ አፍሪካ ሊሄድ ነው።

ወዳጆቹ አበደ አሉ። እሱ ግን 9 ዓመት ሙሉ በልቡ የያዘውን ቀጠሮ እያከበረ ነበር።

የሾርባው ነገር

አልበርት የተወለደው ጃንዋሪ 14 ቀን 1875 አልዛስ በሚባለው አካባቢ ነው። አልዛስ ዛሬ የፈረንሳይ ነው፤ ያኔ ግን በጀርመን እጅ ነበር። ይቺን ነገር ያዟት፣ በኋላ ጣጣ ታመጣለች። አባቱ ፓስተር ነበር። ልጁም ያደገው አባቱ በሚያገለግልባት ጉንስባኽ በምትባል መንደር ነው።

የፓስተር ቤት ሀብታም ባይሆንም በገበሬ መንደር ውስጥ ከሌላው ሻል ያለ ነው። አንድ ቀን አልበርት ከመንደሩ ልጅ ጋር ትግል ገጠመና ጣለው። የወደቀው ልጅ ታዲያ ከመሬት ሆኖ አንድ ነገር ተናገረ። እሱም እንደ አልበርት በሳምንት ሁለቴ የሥጋ ሾርባ ቢያገኝ ኖሮ እንደማይሸነፍ ነገረው።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባው አልወርድ አለው። ቤት ውስጥ በቀረበ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለዋል። አባቱ ካፖርት ሲያሰፋለት አልለብስም አለ፤ የመንደሩ ልጆች ካፖርት የላቸውማ። በሥራ ቀን እንደነሱ የእንጨት ጫማ ካልሆነ ሌላ አላደርግም አለ። አባቱ ተቆጣ፣ መታው፣ አልተመለሰም።

ጥያቄው ከልጅነቱ ጋር አብሮ አደገ። እሱ ያገኘውን ሌላው ለምን አላገኘም? ያገኘ ሰውስ ዕዳ የለበትም ወይ?

ቀጠሮው

በ1896 አልበርት የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። የጰራቅሊጦስ በዓል ሲሆን ለእረፍት እቤቱ መጣ። ጠዋት ሲነቃ ፀሐይ ነው፣ ውጭ ወፎች ይዘምራሉ፣ እናት አባቱ አሉ፣ ትምህርቱም ሙዚቃውም ተሳክቶለታል። ይሄን ሁሉ ደስታ እንደ መብቱ ቆጥሮ ዝም ብሎ መቀበል እንደማይችል ተሰማው። ከአልጋው ሳይነሳ አሰበና ወሰነ። እስከ 30 ዓመቱ ለትምህርትና ለሙዚቃ ይኖራል። ከ30 በኋላ በቀጥታ ሰው ያገለግላል።

ልብ በሉ፣ እውቀትም ዝናም ከንቱ ነው ብሎ አልጣላቸውም። ሁለቱንም ይወድ ነበር። ለዚህ ነው 9 ዓመት የሰጣቸው፤ በነዚያ ዓመታትም ሌት ተቀን ሠራ።

ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ ግን ያኔ አላወቀም። መጀመሪያ እዚያው ስትራስቡርግ የተጣሉ ሕፃናትን ሰብስቦ ለማሳደግ ሞከረ። ድርጅቶቹ ደንባችን አይፈቅድም አሉት። ከዚያ ቤት የሌላቸውንና ከእስር የወጡ ሰዎችን መርዳት ጀመረ። እሱም የልቡን አላደረሰለትም።

በ1904 አንድ ምሽት ጠረጴዛው ላይ የፓሪስ ሚሲዮን ማኅበር መጽሔት ተቀምጦ አገኘ። ዛሬ ጋቦን በምትባለው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሠራተኛ ጠፋ የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አንብቦ ሲጨርስ ፍለጋው አለቀ።

ለምን በሰባኪነት አልሄደም? ዓመታት ሙሉ ሲያወራ ኖሯል። አሁን የፈለገው ሳያወራ በእጁ የሚሠራው ሥራ ነው። ሐኪም ለመሆን የወሰነው ለዚህ ነው።

ተቃውሞው ከባድ ነበር። በተለይ የኦርጋን መምህሩ ቪዶር ተበሳጨ። ሽዋይትዘር ጫካ መግባቱ ጄኔራል ጠመንጃ ይዞ እንደ ተራ ወታደር ግንባር እንደመሰለፍ ነው ብሎ ወቀሰው። ተሰጥኦውን ቀበረው ያሉም አሉ። አንዳንዱ የፍቅር ጉዳይ ገጥሞት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ።

በ30 ዓመቱ ሲያስተምርበት በነበረ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ገባ። ትምህርቱ 6 ዓመት ያህል ፈጀ። እየተማረ ያስተምራል፣ ይሰብካል፣ ኮንሰርት ለመጫወት ፓሪስ ይመላለሳል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሲጨርስ ደግሞ ሚሲዮን ማኅበሩ ራሱ አመነታ። እምነቱ ከኛ ይለያል ብለው ፈሩ። እሱም አልሰብክም፣ ማከም ብቻ ነው የምፈልገው ብሎ ቃል ገባ፤ ወጪውንም ራሱ ቻለ። የወዳጆቹን በር እያንኳኳ ለመነ፣ ኮንሰርት አሳየ፣ ከመጽሐፉ ያገኘውን ጨመረ።

በዶሮ ቤት የተጀመረ ሕክምና

በ1912 ሄለን ብሬስላውን አገባ። ሄለን የታወቀ የታሪክ ፕሮፌሰር ልጅ ናት፤ ስትራስቡርግ ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ትከታተል ነበር። እሱ ሕክምና ሲማር እሷ ነርስነት ተማረች። በማርች 1913 ባልና ሚስቱ 70 ሳጥን ዕቃ ይዘው ተነሱ፤ በኤፕሪል በኦጎዌ ወንዝ ዳር ያለችው ላምባሬኔ ደረሱ።

ሆስፒታል አልነበረም። ዝናብና ፀሐይ ሲያስቸግር አንድ አሮጌ የዶሮ ቤት አጽድቶ፣ ኖራ ቀብቶ ምርመራ ክፍል አደረገው። ሕመምተኛው ግን ጎረፈ። ወባ፣ የሥጋ ደዌ፣ የእንቅልፍ በሽታ፣ ተቅማጥ፣ ቁስል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በታንኳ ተጉዘው የሚመጡ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ 9 ወራት ብቻ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች አከመ።

አስተርጓሚውና ረዳቱ ዮሴፍ የሚባል የአካባቢው ሰው ነበር። ዮሴፍ ከዚያ በፊት የነጮች ወጥ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ስለዚህ የሰውን አካል የሚጠራው በሥጋ ቤት ቋንቋ ነው። አንዱን ታፋው፣ ሌላዋን ጎድኗና ሽንጧ አመማቸው እያለ ለዶክተሩ ያስረዳል። ዶክተሩም ተግባብቶ ያክማል።

ማታ ማታ ደግሞ ከጫካው መሃል የባኽ ሙዚቃ ይሰማል። የፓሪስ የባኽ ማኅበር ሙቀቱና እርጥበቱ እንዳያበላሸው ተብሎ የተሠራ፣ በእግርም እንደ ኦርጋን የሚረገጥ ፒያኖ ሸልሞት ነበር።

ከዚያ ጣጣዋ መጣች። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሽዋይትዘር በወረቀት ጀርመናዊ ነው፤ ያለው ደግሞ በፈረንሳይ ግዛት። ሰው ሊያክም የመጣው ሰው ጠላት ተብሎ የቤት እስረኛ ሆነ። ለተወሰነ ጊዜም ማከም ተከለከለ።

በሴፕቴምበር 1915 አንዲት ሕመምተኛ ለማየት በእንፋሎት ጀልባ በወንዙ ላይ ይጓዝ ነበር። አውሮፓ እየተጫረሰ ነው፤ እሱም የሰው ልጅ በምን ሐሳብ ላይ ቢቆም ይሻለዋል እያለ ይጨነቃል። በ3ኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ጀልባዋ በጉማሬዎች መሃል ስታልፍ መልሱ ድንገት መጣለት፦ ሕይወትን ማክበር። እኔ መኖር እንደምፈልገው ሁሉ በዙሪያዬ ያለው ነፍስ ያለው ሁሉ መኖር ይፈልጋል የሚል ሐሳብ ነው። ቀሪ ዘመኑን የጻፈውና የተናገረው ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ ነው።

ሲወድቅ

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር መልካም የሠራ ሰው ወዲያው ይባረካል ይመስለናል። የሱ እንደዚያ አልሆነም።

በ1917 ባልና ሚስቱን ወደ ፈረንሳይ ወስደው እስረኛ ካምፕ አስገቧቸው። በ1918 ሲለቀቁ ሁለቱም ታመው ነበር። እናቱ በጦርነቱ ጊዜ በወታደር ፈረስ ተረግጠው ሞተዋል። የሆስፒታሉ ዕዳ አለበት። በ43 ዓመቱ ከዩኒቨርሲቲው ወጥቷል፣ ላምባሬኔ ያለው ሥራው ፈርሷል፣ እጁ ባዶ ነው። በዚያ ወቅት የተረሳ ሰው እንደሆነ ተሰምቶት ነበር። ቢጸጸት ማን ይፈርድበታል?

መውጫው በ1920 ከስዊድን መጣ። ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። እግረ መንገዱን የኦርጋን ኮንሰርት አሳየ፣ ዕዳውን መክፈል ጀመረ፣ ስለ ላምባሬኔ መጽሐፍ ጻፈ። በ1924 ተመልሶ ሲሄድ ሆስፒታሉን ጫካ ውጦት አገኘው። እንደገና ጀመረ። በ1927 ከወንዙ ከፍ ብሎ ወደ ሠራው ሰፊ ቦታ ሕመምተኞቹን አዛወረ።

መጀመሪያ አውሮፓን ሲለቅ ሦስት ነገር አጣለሁ ብሎ ነበር፤ ኦርጋኑን፣ ማስተማሩን፣ በራሱ ገንዘብ መኖርን። በኋላ ሲያስበው ሦስቱም ተመልሰውለታል። ፒያኖው ጫካ ድረስ መጣ፣ ዩኒቨርሲቲዎች እየጠሩ አስተማሩት፣ በኦርጋንና በብዕር ራሱንም ሆስፒታሉንም አኖረ። ይስሐቅን ሊሠዋ ሄዶ ልጁን ይዞ እንደተመለሰው እንደ አብርሃም ነኝ ይል ነበር።

ዋጋውን ማን ከፈለ?

እዚህ ላይ ግን መደበቅ የሌለበት ነገር አለ። እሱ ሁሉም ተመልሶለት ሊሆን ይችላል፤ ሄለን ግን እንደሱ አልነበረችም። ቲቢ ጤናዋን ጎድቶት ስለነበር በ1924 አብራው መሄድ አልቻለችም። ሆስፒታሉን አብራ አቅዳ፣ አብራ ጀምራ፣ አብዛኛውን ዕድሜዋን ከርቀት ኖረችው። በ1919፣ ልክ በአባቷ ልደት ቀን የተወለደችው አንዲት ልጃቸው ሬናም ያደገችው አባቷን አልፎ አልፎ እያየች ነው። የትልልቅ ሰዎች ትልልቅ ውሳኔ ሂሳቡ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ነው የሚመጣው።

አፍሪካውያንም ወቅሰውታል፣ እውነታቸውን ነው። አፍሪካዊ ወንድሜ ነው፣ ግን ታናሽ ወንድሜ ነው ብሎ ያምን ነበር። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ ይህን አነጋገሩን ነቅፎ ጽፏል። ጋቦን በ1960 ነፃ ከወጣች በኋላም ሆስፒታሉ በድሮው መንገድ፣ ውሳኔው ሁሉ በአንድ ነጭ ሽማግሌ እጅ ሆኖ ቀጠለ። ሕይወትን ማክበር ያስተማረ ሰው እኩልነትን እስከ መጨረሻው መቀበል ከብዶታል። ያዳናቸው ሰዎችም እውነት ናቸው፣ ይሄም እውነት ነው።

የጎን ሥራ

የ1952ቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት ለሱ ተሰጠ። ስትራስቡርግ ሆኖ ቢያልመው ኖሮ የሥራ ዘመን ጫፍ ነው። ብሩን ምን አደረገው? ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መኖሪያ መንደር ሠራበት። በ1957 ደግሞ በኦስሎ ሬዲዮ የኑክሌር ቦምብ ሙከራ እንዲቆም ለዓለም ጥሪ አቀረበ። በዚያው ዓመት ሄለን አረፈች።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1965 በ90 ዓመቱ ላምባሬኔ ውስጥ ሞተ። እዚያው ከሄለን አጠገብ ተቀበረ። አባቷን ሳትጠግብ ያደገችው ሬና ከሱ በኋላ ሆስፒታሉን ተረክባ ለዓመታት መራችው። ሆስፒታሉ ዛሬም አለ፤ ከሱ ጋር በተያያዘው የምርምር ማዕከል የወባ መድኃኒትና ክትባት ይጠናል፣ አፍሪካውያን ተመራማሪዎችም ይሠሩበታል።

እሺ፣ እኛስ? ሥራ ልቀቅና ጫካ ግባ ነው መልእክቱ? ሽዋይትዘር ራሱ እንደዚያ አላለም። ሁሉን ትቶ መሄድ የሚችለው ጥቂት ሰው እንደሆነ ያውቅ ነበር። እንደሱ እምነት ማንኛውም ሰው እንጀራውን ከሚያበስልበት ሥራ ሌላ አንድ የጎን ሥራ ሊኖረው ይገባል። ክፍያ የሌለው፣ ማንም የማያጨበጭብለት፣ ለሌላ ሰው የሚሠራ ትንሽ ነገር።

ዛሬ የጎን ሥራ ስንል ተጨማሪ ገቢ ነው የምናስበው። ኑሮ ተወዷል፣ አይፈረድብንም። ግን እስቲ እንደሱ አንድ ቀጠሮ እንያዝ። 30 ሊሆን ይችላል፣ 40 ሊሆን ይችላል፣ የሚቀጥለው ቅዳሜም ይሆናል። እንዳንተ፣ እንዳንቺ ሾርባ ያላገኘው ያ ልጅ ማን ነው? ስሙን የምታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።