ዮሐን ባየርና የሰማይ ሞክሼዎች

የሕግ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደስ ይበላቸው፤ ለክዋክብት ፊደል ያደለው ሰው ጠበቃ ነበር። ዮሐን ባየር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1572 ዓ.ም. በባቫርያ፣ ራይን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በኢንጎልሽታት ፍልስፍና ተማረና በአውግስቡርግ በጥብቅና ሥራ ኖረ፤ በ1612 ዓ.ም. የከተማይቱ ምክር ቤት የሕግ አማካሪ ሆነ። ክዋክብትን መመርመር እንጀራው አልነበረም። (ኮከብ ቆጣሪ ነበር ብንል ዕድል ተናጋሪ ይመስልብናልና ቃሉን ትተነዋል።)

ከእርሱ በፊት ሊቃውንቱ አንዱን ኮከብ ከሌላው ሲለዩ በአዳኙ ትከሻ ላይ ያለው፣ በእግሩ ላይ ያለው እያሉ ነበር። ይህም ቤትን በግራር ዛፍ እንደማመልከት ነው፤ የሰፈሩ ሰው ያገኘዋል፣ እንግዳ ግን ይንከራተታል። ባየር በ1603 ዓ.ም. ዑራኖሜትሪያ የተባለውን የሰማይ ካርታ መጽሐፍ አሳተመ። ካርታዎቹ 51 ናቸው። በየኅብረ ክዋክብቱ ደማቁን በደምሳሳው አልፋ፣ ተከታዩን ቤጣ እያለ ወረደ፤ 24ቱ የግሪክ ፊደላት ሲያልቁበት በላቲን ቀጠለ።

ሞክሼዎቹም የመጡት ከዚሁ ነው። ኦሪዮን በተባለው አዳኝ ክንድ በኩል ለተደረደሩ ስድስት ክዋክብት ፓይ የምትባለዋን አንዲት ፊደል ሰጣቸው፤ ዛሬ ከ1 እስከ 6 በቁጥር ይለያሉ። በጥር ማታ ከማደሪያችን ደጅ ወጥተን ስናያቸው ያንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ዳሩ ግን ሦስተኛው ፓይ ከእኛ 26 የብርሃን ዓመት ያህል ሲርቅ፣ አምስተኛው ከ1,000 የብርሃን ዓመት ይበልጣል። ጎረቤት ያስመሰላቸው የእኛ መቆሚያ ነው። በላይራ ያለው ኤፕሲሎን ግን ሌላ ነው፤ ጥሩ ዓይን ሁለት አድርጎ ያየዋል፣ በቴሌስኮፕ ሲያዩት እያንዳንዱ ደግሞ ሁለት ይሆናል፤ አራቱም በእውነት ዘመዳሞች ናቸው።

ታዲያ ባየር የማይዛመዱትን በአንድ ስም ጠራ ብለን እንክሰሰውን? እኛስ ነጻ እንለቀዋለን። መጽሐፉ ሲታተም ጋሊሌዎ ቴሌስኮፑን ወደ ሰማይ ሊያዞር ገና ስድስት ዓመት ይቀረው ነበር። የኮከብን ርቀት በሚታመን ልክ ለክቶ ያስታወቀው ቤሴል ደግሞ ይህን ያደረገው በ1838 ዓ.ም. ነው። ጠበቃው የፈረደው በቀረበለት ማስረጃ፣ በዓይን ብቻ ነበር። ፊደሉም የሚናገረው አድራሻን እንጂ የዘር ሐረግን አይደለም።

በኋላ ዩልዩስ ሺለር የተባለ የዚያው የአውግስቡርግ ሕግ አዋቂ የአረማውያኑን ስም ከሰማይ ፍቆ በክርስቲያን ስም ሊተካ ተነሣ፤ በ12ቱ የዞዲያክ ምልክቶች ፈንታ 12ቱን ሐዋርያት አቆመ። ባየርም ረዳው። ራሱ ግን በ1625 ዓ.ም. ሞተና በ1627 ዓ.ም. የወጣውን መጽሐፍ አላየም። አዲሶቹ ስሞች ተቀባይ አላገኙም፤ ሊቃውንቱ አሁንም የሚጠቀሙት በአልፋ፣ በቤጣና በስድስቱ ፓዮች ነው።