ቀንድ አውጣው ለምን ሞተ? የዶ/ር አክሊሉ ለማ ታሪክ

ቤተሰብ፣ ዛሬ ከማርስና ከሮኬት ወረድ ብለን ወንዝ ዳር እንሂድ።

ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳ ያላችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁልን። ኦሞ ሳይመጣ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ አድዋ ነበሩ። የሄዱት ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ ነው። የዚህ በሽታ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ነው። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መንገድ የለውም።

ታዲያ አንድ ነገር ዓይናቸው ገባ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት አለ። ሌላው ቦታ ያለው ደግሞ ደህና ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው፣ አንዷን አጣቢ ከአረፋው ትንሽ ጠብ እንድታደርግበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

(መጻፍ ለምትሞክሩ፦ ይቺን ቅደም ተከተል ያዟት። መጀመሪያ ያያችሁትን፣ ቀጥሎ ሞክራችሁ ያረጋገጣችሁትን፣ "ይመስለኛል" የምትሉትን መጨረሻ ላይ።)

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው። ዶ/ር አክሊሉ በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው የተሻለውን የእንዶድ ዝርያ ፈለጉ። አድዋ ላይ ለ5 ዓመት በተደረገ ሙከራ በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ያውም ጓሮ በሚበቅል ተክል!

ዓለም ወዲያው አጨበጨበ እንዳትሉ። በውጭ የሚመረተው ኬሚካል ለድሃ አገር ውድ ነበር፣ እንዶድ ግን ውጭ ባሉ የታወቁ ላብራቶሪዎች እንደገና ካልተመረመረ ተብሎ ዓመታት ነጎዱ። እኛን በጣም የሚያንገበግበን ይሄ ነው፤ መረጃው አፍሪካ ውስጥ ስለተሠራ ብቻ እንደ ግማሽ መረጃ ተቆጠረ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች "አማራጩ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፣ ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ።

በ1990 ደግሞ አሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። እዚያ ያሉ ሐይቆች ዜብራ መስል በሚባል ባለ ቅርፊት ፍጥረት ተወረው ነበር። የውሃ ቧንቧ ውስጥ ተጣብቆ ይደፍናል። እንዶድ ተሞከረበት፤ እሱንም ገደለው። የአሜሪካ ፓተንት ወጣ። ዶ/ር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ፣ ባለቤቶቹ ግን የአሜሪካ ተቋማት ሆኑ። እንዶድን ለዘመናት ሲወቅጡ የኖሩት የኢትዮጵያ እናቶችስ ምን ይደርሳቸዋል የሚለው ክርክር ያኔ ተነሳ።

ዶ/ር አክሊሉ በ1997 አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።