የዣን ቡጋቲ ሕይወትና አትላንቲክ የተባለው አውቶሞቢል

ትምህርታችንን ጨርሰን ሙያ በምንመርጥበት በዚህ ዓመት፣ አንድ ወጣት በአጭር ዕድሜ ምን ሊሠራ ይችላል እያልን ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። ስለዚህ የዣን ቡጋቲን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዣን ቡጋቲ በ1909 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤቶሬ ስመ ጥር አውቶሞቢል ሠሪ፣ አያቱ ካርሎ የቤት ዕቃ ነዳፊ፣ አጎቱ ሬምብራንትም የእንስሳት ምስል ቀራጺ ነበሩ። ልጁ ያደገው በአልዛስ፣ አባቱ በሞልሼም ባቋቋመው ፋብሪካ አጠገብ ነው። በ1936 ዓ.ም. ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ አባቱ አዝኖ ወደ ፓሪስ ስለ ሄደ፣ ዣን በ27 ዓመቱ የፋብሪካው ኀላፊ ሆነ።

ከዚያ አስቀድሞ በ1935 ዓ.ም. በፓሪስ ኤግዚቢሽን ኤሮሊት የተባለ፣ ሁለት በር ያለው ኩፔ አሳይቶ ነበር። አካሉ የተሠራው ኤሌክትሮን ከሚባል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ ቀላል ቢሆንም በእሳት ስለሚቀጣጠል ለብየዳ አይመችም። ስለዚህ ግራና ቀኙ ከኮፋኖ እስከ ኋላ በወጣ ስፌት ላይ በሪቬት ተያያዘ።

ከ1936 እስከ 1938 ዓ.ም. አትላንቲክ የተባሉት አራት መኪናዎች ብቻ ተሠሩ። ሞተራቸው ስምንት ሲሊንደርና 3.3 ሊትር ነበር። አካላቸው ግን ሊበየድ ከሚችል አሉሚኒየም ስለ ነበረ ስፌቱ አላስፈለገም። ዣን ግን አላስቀረውም፤ ከችግር የተወለደው ነገር የመኪናው ውበት ሆነ። በአገራችን በላስታ ቤተ ጊዮርጊስ ያለ አንዳች መጋጠሚያ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ ወጥቷል። አባቶቻችን በመቀነስ፣ ይህ ወጣት በመግጠም ሠሩ፤ ሁለቱም ግን በእጃቸው ያለውን ነገር ጠባይ ዐውቀው ነው።

በሰኔ 1939 ዓ.ም. የቡጋቲ መኪና የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ነሐሴ 11 ቀን ዣን ያችኑ መኪና በሞልሼም አካባቢ ሲሞክር አንድ ብስክሌተኛ ድንገት ገባበት። እርሱን ላለመግጨት ሲያጥፍ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ በ30 ዓመቱ ዐረፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጦርነቱ ተነሣ። ለራሱ የያዘው ጥቁር አትላንቲክ በዚያ ዘመን ጠፍቶ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አባቱም ወራሹን እንዳጣ በ1947 ዓ.ም. ሞተ።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ለባለጸጎች የተሠራ መኪና ለላስታ ዳገት ምን ይረባል ይሉናል። እውነት ነው፤ መኪናው አይረባንም። ነገር ግን ሥራችንን ስንጀምር የሚጎድለን ብዙ ነውና፣ ጉድለትን ደብቆ ከማለፍ ይልቅ የሥራው መልክ አድርጎ ማሳመር እንደሚቻል ከዚህ ወጣት እንማራለን። ለማያውቀው መንገደኛ ሲል መሪውን ማዞሩንም አንርሳ።