ቁስቋም ላይ የቀሩት እቴጌ

የዘንድሮው የማኅበራችን ጉዞ ወደ ጎንደር ነበር። ከባሕር ዳር ሌሊት ተነስተን ረፋድ ላይ ፋሲል ግቢ ገባን። ግቢውን ሁሉ ዞርን፤ ብዙ የቆየነው ግን በስተሰሜን ባለው በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ደጃፍ ነው።

ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። አፄ በካፋ አግብተዋቸው ጎንደር ገቡ። በ1730 እ.ኤ.አ. ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። ከእኛ መካከል ባል የቀበርን ብዙ ስለሆንን ያን ቀን መገመት አላቃተንም፤ ለቅሶው ሳያበቃ ንብረት የሚቆጥር አይጠፋም። እሳቸው ግን ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ከልጃቸው ጋርም አገር ገዙ። ብዙም ሳይቆይ ያመፁ መኳንንት ግቢውን ከበቡ። ደርሶ ያዳናቸው ከጎጃም የመጣ ጦር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሹመቱ ለዘመድ በዛ፤ ወንድማቸው ወልደ ልዑልም ራስ ሆኑ። በዚህ ነገር መኪና ውስጥ ተከራክረናል። ገሚሶቻችን ሌላ ማንን ይመኑ ብለን ስንሟገት፣ ገሚሶቻችን ኋላ ለመጣው ጣጣ ዘሩ ይኸው ነው አልን።

ጣጣው በጋብቻ በኩል መጣ። ኢያሱ የኦሮሞ ባላባት ልጅ የሆኑትን ውቢትን አገቡ። በ1755 ኢያሱ ሲሞቱ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ፤ አያትየው ዳግመኛ ሞግዚት ሆኑ። በአያት ዘመዶችና በእናት ዘመዶች መካከል ግን ሰላም ጠፋ። በዚህ መካከል ከትግራይ የመጡት ራስ ሚካኤል ስሑል ኃይል አገኙ፤ በ1769 ኢዮአስን አስገደሉ። ራስ ሚካኤል የእቴጌይቱን ልጅ የወይዘሮ አስቴርን ያገቡ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው አማቻቸው ነው ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቁስቋም ወጣን። ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ በእኛው ጣና፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴንም እንዲሁ። ናርጋን የተሳለመች አባላችን፣ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሳሉበትን ሥዕል አስታወሰችን። ቁስቋም የነበረው ቤተ መንግሥታቸው አሁን ፍርስራሽ ነው፤ በግድግዳው ቀይ ድንጋይ ላይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን ይታያሉ።

ምንትዋብ የኢዮአስን አስከሬን እዚህ አምጥተው ከአባቱ ጎን ቀበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማው አልተመለሱም። በ1773 እስኪያርፉ ድረስ ጎንደርን ከኮረብታው ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ዛሬ የሦስቱም አፅም በአንድ ስፍራ አለ፤ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ።

ከእኛ ጋር የሄዱት አንዲት እናት የሞተ ልጃቸውን ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ። ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ ቢጠራንም፣ እሳቸው ግን ከዚያ ቶሎ አልተነሱም። እኛም ጠበቅናቸው።